የፕላትፎርም ሠራተኛ ማኅበራዊ ዋስትና፦ ምጽዋት ወይስ ዕዳ?

ማኅበራዊ ዋስትና ሠርቶ አዳሪ ሲታመም፣ ሲጎዳ፣ ሲያረጅ ወይም ሥራ ሲያጣ እሱም ቤተሰቡም ለችግር እንዳይጋለጡ አስቀድሞ የሚደረግ ዝግጅት ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 102 ጥበቃውን በዘጠኝ ዘርፍ ይከፍለዋል፦ ሕክምና፣ የሕመም ጊዜ ገቢ፣ የሥራ አጥነት አበል፣ የእርጅና ጡረታ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ፣ የቤተሰብ ድጎማ፣ የወሊድ ጥበቃ፣ የአካል ጉዳት ጡረታ እና የሟች ተተኪዎች አበል። ዝርዝሩ የሰው ክንድ የሚዝልበትን ጊዜ ሁሉ ይነካል። ጉዳዩ ከሒሳብና ከሕግ አልፎ የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጥያቄ የሚሆነውም ስለዚህ ነው፦ ሰው መሥራት ሲያቅተው የሚያኖረው ማን ነው? የሚያኖረውስ በቸርነት ነው ወይስ በግዴታ?

ጥያቄው ወደ ዲጂታል ፕላትፎርም ሠራተኞች ሲመጣ ይከብዳል። እነዚህ ሠራተኞች ሥራቸውን የሚያገኙት በስልክ መተግበሪያ ወይም በድረ ገጽ በኩል ነው። አንዳንዶቹ በከተማ መንገድ ላይ ተሳፋሪ ያጓጉዛሉ፣ ምግብ ያደርሳሉ፣ ቤት ያጸዳሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ይተረጉማሉ፣ ምስል ይለያሉ፣ መረጃ ያጠራሉ። መተግበሪያውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያቀርበው ሻጭና ገዥን እንደሚያገናኝ ደላላ እንጂ እንደ አሠሪ አይደለም። ይሁን እንጂ ዋጋ የሚተምነው፣ ሥራ የሚያከፋፍለው፣ የደንበኛ ነጥብ የሚመዘግበው፣ ሲያሻው የሠራተኛውን መለያ የሚዘጋው እሱ ነው። አዛዡ አለ፤ አሠሪ ነኝ የሚል ግን የለም። ሠራተኛው ሲወድቅ ዕዳው የማን እንደሆነ መለየት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሠሪ ግዴታ ከየት መጣ

ዘመናዊው ማኅበራዊ መድን በጀርመን ተጀመረ። በቻንስለር ቢስማርክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1883 የጤና፣ በ1884 የሥራ አደጋ፣ በ1889 የእርጅናና የአካል ጉዳት መድን ታወጀ። ሥርዓቱ የቆመው በመዋጮ ላይ ነበር። እንደ መድኑ ዓይነት ሠራተኛው ከደመወዙ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው ድርሻውን ይጨምራል፣ መንግሥትም ይደጉማል። ኋላም አብዛኛው ዓለም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። የኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡበት ነው።

ግዴታው በአሠሪው ላይ የወደቀበት አንዱ ምክንያት የአሰባሰብ ቅለት ነው፤ ደመወዝ ከሚከፈልበት ቦታ መዋጮን መቁረጥ ይቀላል። ሌላው ምክንያት ጠለቅ ይላል። በብዙ አገሮች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ እጁን ያጣ ሠራተኛ ካሳ ለማግኘት የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት ነበረበት። ማስረዳት ካልቻለ ጉዳቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1898 ባወጣችው የሥራ አደጋ ሕግ ይህን ለወጠች። ከዚያ በኋላ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል፤ ማሽኑ የሚያመጣው አደጋና ማሽኑ የሚያስገኘው ትርፍ የአንድ ሥራ ሁለት ፊት ናቸውና፣ ትርፉን የወሰደ አደጋውንም ይወስዳል።

ይህ አስተሳሰብ ለሃይማኖት ሕጎች እንግዳ አይደለም። በእስልምና የፍትሕ ትምህርት ጥቅም ከኃላፊነት እንደማይነጠል፣ ትርፍ የሚሻ ኪሳራውንም እንዲሸከም የሚያዝ የታወቀ መርሕ አለ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሰው ከላይ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ባለቤት ላይ ይሆናልና። ትእዛዙ የሚወድቀው ሰው ልጅ ይሁን እንግዳ ወይም ቅጥር ሠራተኛ አይለይም። ግዴታው የሚመነጨው ሰዎች የሚወጡበትን ጣሪያ ከመሥራት ነው። መተግበሪያም ሰው ሠርቶት ሰው የሚወጣበት ነገር ነው። ሞተረኛ ትዕዛዝ ለማድረስ ሲጣደፍ ቢወድቅ፣ የፍጥነቱን ስሌትና የክፍያውን መጠን ያበጀው አካል የውል ስሙ ምንም ይሁን ምን ከመከታው ግዴታ ነፃ አይሆንም።

ምጽዋት፣ መብትና ዕዳ

ለደከመ ሰው የሚደረግ እርዳታ በሦስት መልክ ሊታይ ይችላል።

የመጀመሪያው ምጽዋት ነው። ሃይማኖቶች ሁሉ ያከብሩታል፤ ሰጪውንም ተቀባዩንም ሰው ያደርጋል። ነገር ግን ምጽዋት በሰጪው ልብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዛሬ ይሰጣል፣ ነገ ይዘነጋል፤ ተቀባዩም ቀና ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ሲከፍል የላይኛውን ደረጃ የሰጠው ሰውን በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ አቁሞ ከልመና ለሚያድን ሰው ነው። የምጽዋት ፍጻሜ ምጽዋትን አላስፈላጊ ማድረግ ነው ማለት ነው። የፕላትፎርም ኩባንያዎች አደጋ ሲደርስ በፈቃዳቸው የሚሰጡት ድጋፍ የሚያስመሰግን ቢሆንም የመጀመሪያውን ደረጃ አያልፍም፤ ነገ ቢቋረጥ የሚጠየቅ የለም።

ሁለተኛው መብት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ባለ እርሻው የመከሩን ቃርሚያ እንዳይለቅም፣ ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዛል። ቃራሚው ከገበሬው ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሚለቅመው የራሱን ነው። ቁርኣንም በባለጠጎች ሀብት ውስጥ ለጠያቂና ለተቸገረ የታወቀ ድርሻ እንዳለ ያስተምራል፤ ዘካም ተቀባዮቹ በስምንት ክፍል ተዘርዝረው ግዴታ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 22 ማንኛውም ሰው የኅብረተሰብ አባል እንደመሆኑ የማኅበራዊ ዋስትና መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብት ተቀባዩን ከልመና ያወጣዋል፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ ግን ብቻውን አይናገርም። ሁሉም ሰው መብት ኖሮት ባለዕዳው ካልታወቀ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው ዕዳ ነው። ፈረንሳዊው የፖለቲካ ሰው ሌዮን ቡርዥዋ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ሁሉ ከኅብረተሰቡ ተቀብሎ ስለሚኖር ባለዕዳ ሆኖ ይወለዳል ብሎ ተከራከረ፤ ብዙ የተቀበለ ብዙ ይከፍላል። ይህ አስተሳሰብ በፕላትፎርም ሥራ ላይ ሲውል ከኅብረተሰብ አጠቃላይ ዕዳ የጠበበና የጠነከረ ይሆናል። የሠራተኛ ጉልበት የሚያልቀው ዛሬ ነው፤ የማለቁ ዋጋ የሚመጣው ግን ከዓመታት በኋላ በወገብ ሕመም፣ በዓይን መድከም፣ በእርጅና መልክ ነው። የዛሬውን ነዳጅና የዛሬውን እንጀራ ብቻ የሚሸፍን ክፍያ የሥራውን ዋጋ ከፊል ሳይከፍል ያስቀራል። ስለዚህ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ በደመወዝ ላይ የሚጨመር ስጦታ አይደለም፤ የዘገየ ደመወዝ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል፣ ይህም ለወገንም ለመጻተኛም እኩል እንዲሆን ያዝዛል፤ በሐዲስ የተላለፈው የነቢዩ ሙሐመድ ትምህርት የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው ይላል፤ የያዕቆብ መልእክትም ያልተከፈለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል። የዘገየው ደመወዝ በጊዜው የሚከፈልበት መንገድ መዋጮው በየሥራው ቀን ተቆርጦ በሠራተኛው ስም መቀመጡ ነው።

የፈቃድ ሙግት

በዚህ ላይ የሚቀርበው ትልቁ ተቃውሞ የፈቃድ ሙግት ነው። ሠራተኛው መተግበሪያውን ሲፈልግ ይከፍታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል፤ ውሉን አንብቦ ተስማምቷል፤ ስለዚህ ከውሉ ውጭ የሚጠየቅ ዕዳ የለም ይባላል። ሙግቱ እውነት የያዘው ክፍል አለው። ሰዓትን በራስ የመወሰን ነፃነት ለተማሪ፣ ልጅ ለምታሳድግ እናት፣ ሌላ ሥራ ለያዘ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሠራተኞቹም ይወዱታል። ስህተቱ ከነፃነት ወደ ብቸኝነት በአንድ እርምጃ መሻገሩ ላይ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ባወጡት ሬሩም ኖቫሩም በተሰኘ መልእክት ይህንኑ ሙግት መርምረውታል። ስምምነት ቢኖርም ከስምምነት በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍትሕ አለ፤ ሰው በችግር ተገፍቶ የተቀበለው ክፍያ ሊያኖረው ካልቻለ ፈቃዱ ግፉን አያጠፋውም ሲሉ ደመደሙ። ፈላስፋው ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሥራ ያቀረበው ፈተና ወደዚሁ ያመራል። ሰዎች በኅብረተሰቡ ውስጥ የሚይዙትን ቦታ ሳያውቁ ሕግ እንዲያወጡ ቢደረግ፣ ነገ ምግብ አዛዡ ይሁን በዝናብ የሚያደርሰው ሞተረኛ ያላወቀ ሰው ሞተረኛው ለብቻው እንዲወድቅ የሚፈቅድ ሕግ አይመርጥም።

ነፃነትና ጥበቃ አብረው መኖር እንደሚችሉም ተሞክሮ አሳይቷል። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሚሠራ የአርቲስቶችና የጸሐፊዎች ማኅበራዊ መድን አለ። አባላቱ ቋሚ አሠሪ የሌላቸው ናቸው። መዋጮውን ግማሹን ራሳቸው ይከፍላሉ፤ 30 በመቶውን ሥራቸውን የሚጠቀሙ አሳታሚዎች፣ ቴአትር ቤቶችና ሌሎች ድርጅቶች፣ 20 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት ይሸፍናሉ። ሠዓሊው ነፃነቱን አላጣም፤ እርጅናውም ባዶ እጅ አልቀረም።

ግዴታው በሕግ መሆን ያለበት ለኩባንያዎቹም ሲባል ነው። አንዱ ኩባንያ በሕሊናው ተገዝቶ መዋጮ ቢከፍልና ተፎካካሪው ባይከፍል ዋጋው ይወደድና ገበያውን ያጣል። ለሁሉም እኩል የሆነ ሕግ በጎ ሥራን ከቅጣት ያድናል።

መጠበቅ ሥራ ነው?

መዋጮ የሚሰላው በሥራ ላይ ከሆነ ሥራ የሚጀምረው መቼ እንደሆነ መታወቅ አለበት። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 22 የተሰኘው ሕግ ለአሽከርካሪዎች ዝቅተኛ ክፍያና የጤና መድን ድጎማ ሲሰጥ የሚቆጥረው ትዕዛዝ ከተቀበሉበት እስከሚያደርሱበት ያለውን ጊዜ ብቻ ነው፤ መተግበሪያው ተከፍቶ ትዕዛዝ የሚጠበቅበት ሰዓት አይታሰብም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በታክሲ መተግበሪያው በኡበር ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ በተፈቀደለት ከተማ ውስጥ መተግበሪያውን ከፍቶ ለመሥራት ዝግጁ የሆነ አሽከርካሪ በሥራ ላይ ነው ብሏል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለው የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ከሁሉ በፊት ስለ እግዚአብሔር ቸርነት የሚናገር ነው። ያም ሆኖ ምሳሌው የቆመው በቀን ሠራተኞች ገበያ ላይ ነው። እስከ አሥራ አንደኛው ሰዓት የቆሙት ሰዎች ለምን ሥራ እንደፈቱ ሲጠየቁ የቀጠራቸው እንዳልነበረ ይመልሳሉ፤ ባለቤቱም የሙሉ ቀን ዋጋ ይከፍላቸዋል። የጠበቁት በስንፍና አልነበረም። ፕላትፎርምም በየሰፈሩ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ አሽከርካሪ ባይኖረው ደንበኛን በደቂቃዎች ውስጥ ማስተናገድ አይችልም። ለኩባንያው የሚሸጥ ፍጥነት የሆነው የሠራተኛው መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ለሥራ ላይ ጉዳት መድን ሲባል የመጠበቂያው ሰዓት ሊቆጠር ይገባል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ

ዕዳው ከታወቀ በኋላ የሚቀረው የአከፋፈሉ ጉዳይ ነው። አገሮች እስካሁን በአራት መንገድ ሄደዋል።

አንደኛው ሠራተኛውን ወደ ነባሩ የቅጥር ሕግ ማስገባት ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2021 ትዕዛዝ አድራሾች ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ተቀጣሪ ተደርገው እንዲቆጠሩ ደነገገች። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው መመሪያም ቁጥጥር መኖሩ ሲታይ የቅጥር ግምት እንዲወሰድ አባል አገራትን ያዛል። ይህ መንገድ ሙሉ ጥበቃ ይሰጣል፤ በራሱ ፈቃድ በአራት መተግበሪያ የሚሠራውን ሰው ግን በአንድ አሠሪ ሥር ለማሳደር ያስቸግራል።

ሁለተኛው በተቀጣሪና በግል ሠራተኛ መካከል አዲስ መደብ መፍጠር ነው። የሲንጋፖር የፕላትፎርም ሠራተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ኩባንያዎች እንደ ማንኛውም አሠሪ የሥራ ላይ ጉዳት መድን ይገባሉ፤ ለማዕከላዊው የቁጠባ ፈንድም ከሠራተኛው ጋር ያዋጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1995 መጀመሪያ ወዲህ ለተወለዱት መዋጮው ግዴታ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት በፈቃዳቸው ይገባሉ። መጠኑ በአንድ ጊዜ አይጫንም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ከተቀጣሪዎች ጋር ይስተካከላል። ሕጉ አንድ ቁልፍ ችግርም ፈቷል። አሽከርካሪው የሚቀበለው ገንዘብ ሁሉ ገቢው አይደለም፤ ነዳጅ፣ ጥገናና ኪራይ ይወጣበታል። ስለዚህ መዋጮው የሚሰላው በመኪና ለሚሠራ 60 በመቶ፣ በሞተር ብስክሌት ለሚሠራ 35 በመቶ፣ በእግር ወይም በብስክሌት ለሚያደርስ 20 በመቶ የወጪ ቅናሽ ከተደረገ በኋላ ነው። ያለዚህ ቅናሽ ሠራተኛው ላላገኘው ገቢ መዋጮ ይከፍል ነበር።

ሦስተኛው ከኩባንያው ጠቅላላ ገቢ ለአንድ ፈንድ መቁረጥ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችውና በኅዳር 2025 ሥራ ላይ ባዋለችው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ኩባንያዎች ከዓመታዊ ገቢያቸው ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ለሠራተኞች ከሚከፍሉት 5 በመቶ ሳያልፍ እንዲያዋጡ ታዛለች። አራተኛው በየትዕዛዙ መቁረጥ ነው። በቻይና እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሙከራ የቆመው የሥራ ላይ ጉዳት ጥበቃ ኩባንያው ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የሚከፍልበት ነው። በኒው ዮርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ብላክ ካር ፈንድ በተሳፋሪው ሒሳብ ላይ በሚጨመር ትንሽ መቶኛ የአሽከርካሪዎችን የጉዳት ካሳ ይሸፍናል።

የመጨረሻው መንገድ ለተበታተነ ሥራ ይስማማል። ሠራተኛው ጠዋት በአንዱ፣ ማታ በሌላው መተግበሪያ ቢሠራም ከየትዕዛዙ የተቆረጠችው ጥቂት ሳንቲም በአንድ ስሙ ላይ ትሰበሰባለች። ክፍያው ሁሉ በዲጂታል መንገድ ስለሚመዘገብ ጥንት ከቀን ሠራተኛ መዋጮ ለመሰብሰብ እንቅፋት የነበረው የመረጃ እጦት እዚህ የለም።

መዋጮው ዋጋ ያስወድዳል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ከፊሉ ወደ ተሳፋሪው መተላለፉ አይቀርም። ነገር ግን ዋጋው ቀድሞ የረከሰው ከወጪው ከፊሉ ወደ ሠራተኛው ገላ ስለተገፋ ነው። በሌላ ሰው እርጅና የተገዛ ርካሽ ጉዞ ለደንበኛውም የሚገባ ጥቅም አይደለም። ሠራተኛውም ድርሻውን ማዋጣቱ ተገቢ ነው፤ ያዋጣ ሰው ሲቀበል አንገቱን አይደፋምና። ገቢው ከዕለት ጉርስ ለማያልፍ ሰው ግን የሱን ድርሻ መንግሥት ከግብር ሊሞላለት ይገባል።

የአሠሪውንም የራሱንም ድርሻ ብቻውን የሚሸከም ሠራተኛ ምን እንደሚመስል በአሜሪካ ይታያል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በታክሲና በመተግበሪያ ሥራ የሚተዳደሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሕጉ ዓይን የግል ሠራተኞች ናቸው። ተቀጣሪ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ለሚባለው ጡረታና ሜዲኬር ለሚባለው የሕክምና መድን ከገቢው 7.65 በመቶ ሲከፍልና አሠሪው ያንኑ ያህል ሲጨምርለት፣ የግል ሠራተኛ ግን 15.3 በመቶውን ራሱ ይከፍላል። ገቢውን አሳንሶ ያስመዘገበ ደግሞ ግብሩ ቢቀልለትም ጡረታው በዚያው ልክ ያንሳል።

የኢትዮጵያ ይዞታ

በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ተመሥርቶ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። ሥርዓቱ የታሰበው ደመወዝ ከፋይ አሠሪ ላለው ሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የቅጥር ውልን የሚያየው በአሠሪ መሪነት በደመወዝ መሥራትን መሠረት አድርጎ ነው። ራይድንና ፈረስን በመሳሰሉ መተግበሪያዎች የሚሠራ፣ በራሱ ወይም በተከራየው መኪና የሚያሽከረክርና ኮሚሽን የሚከፍል ሰው ከዚህ አጥር ውጭ ይቀራል። መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ የተሰማሩ በፈቃዳቸው እንዲገቡ የ2003ቱ አዋጅ በር ከፍቶ ነበር፤ ዳሩ ግን አሠሪ በሌለበት በፈቃድ የሚደረግ መዋጮ ለዕለት ጉርስ ከሚሯሯጥ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ክፍተቱን እስካሁን የሞላው ዕድር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት የመድን ሁሉ መሠረተ ሐሳብ ነው፤ ዕድርም በየወሩ በሚሰበሰብ መዋጮ፣ በመዝገብና በተመረጠ ዳኛ ይህንን በተግባር ያኖራል። ማኅበራዊ መድን ለኢትዮጵያ የባዕድ ሐሳብ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሆኖም ዕድር ለሞት እንጂ ለረጅም እርጅና አልተሠራም። ከዚህም በላይ ሎሚውን የሚሸከሙት አቅማቸው ተመሳሳይ የሆነ ጎረቤታሞች ብቻ ናቸው፤ ከአሽከርካሪው ድካም የሚጠቀሙት ኩባንያውና ተሳፋሪው ከመዋጮው ውጭ ናቸው። ዕድር ወዳጅነትን ያሟላል፤ ዕዳን ግን ባለዕዳውን ተክቶ ሊከፍል አይገባውም። በየጉዞው የሚቆረጥ መዋጮ፣ በመጀመሪያ ለሥራ ላይ ጉዳትና ለሕክምና፣ ቀጥሎ ለጡረታ ቢውል የጎደለውን ሸክም አንሺ ወደ ማኅበሩ ያስገባል።

የፈንዱ ታማኝነት

ገንዘብ መሰብሰብ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሕግ ለግንባታ ሠራተኞች ከግንባታ ወጪ ላይ መዋጮ ሲሰበሰብ ቢቆይም፣ ሠራተኞቹ በወጉ ስላልተመዘገቡ ብዙ ገንዘብ ለዓመታት ሳይከፋፈል ተቀምጧል። ስለዚህ ፈንድ ከመዋጮው እኩል አራት ነገሮች ያስፈልጉታል። ሠራተኛው በአንድ መለያ ቁጥር መመዝገብ አለበት፤ ያጠራቀመው መብት ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ፣ ከመደበኛ ቅጥር ወደ ፕላትፎርም ሥራ አብሮት መሄድ አለበት፤ የኩባንያው የትዕዛዝና የክፍያ መዝገብ ለተቆጣጣሪው ክፍት መሆን አለበት፤ በፈንዱ አስተዳደር ውስጥም ሠራተኞቹ የመረጧቸው ሰዎች መቀመጥ አለባቸው። በገዛ አገሩ ሆኖ ለባሕር ማዶ ኩባንያ በኢንተርኔት የሚሠራው ሰው ጉዳይ ደግሞ በአንድ አገር ሕግ ብቻ አይፈታም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በፕላትፎርም ሥራ ላይ የሚወጣው ሰነድ አስገዳጅ ስምምነትና እሱን የሚያብራራ ምክረ ሐሳብ እንዲሆን መወሰኑ ለዚህ አስፈላጊ ነው።

የሃይማኖቶቹ ሕግና የፈላስፎቹ ሙግት እንግዲህ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ግዴታን የሚወልደው ሥራው ነው፤ ለሥራው የተሰጠው የውል ስም አይደለም። ሥራው ባለበት ተጠቃሚ አለ፤ ተጠቃሚ ባለበት ባለዕዳ አለ። የሕግ አውጪ ተግባር ይህን ዕዳ በኩባንያው፣ በደንበኛው፣ በሠራተኛውና በመንግሥት መካከል እንደየጥቅማቸውና እንደየአቅማቸው አካፍሎ በየሥራው ቀን እንዲከፈል ማድረግ ነው።